ማነቆው የት ነው? የማሸጊያ መስመር ለምን ይዘገያል

ለዕጩ መምህራንና ለአሠልጣኞች የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

አንድ የማዕድን ውሃ ጠርሙስ ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ሥራው አያበቃም። ባዶው ጠርሙስ በሣጥን ሆኖ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። እዚያም ከሣጥኑ ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ይሞላል፤ ቆርኪ ይገጠምለታል፤ መለያ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ በመጨረሻም ተመልሶ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በተራ በተሰለፉና ኮንቬየር በሚባለው ተጓዥ ሰንሰለት በተያያዙ ማሽኖች ነው። ይህንን ሰልፍ የማሸጊያ መስመር እንለዋለን።

እንግዲህ በሰዓት 10,000 ጠርሙስ ያወጣል ተብሎ የተተከለ አንድ መስመር 7,000 እንኳ ሳይሞላ ቢቀር ጥፋቱ የማን ነው? በብዙ ቦታ የሚሰማው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ «ሠራተኛው ሰነፈ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ማሽኑ አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው፤ ማንም ምንም ሳይለካ የተሰጡ ናቸው። በመጀመሪያው መልስ ምክንያት ሰው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፤ አንዳንዴም ከሥራው ይባረራል። በሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ውጤቱ እዚያው በነበረበት ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛውን መንገድ ማሳየት ነው። ይኸውም ቆሞ ማየት፣ መለካት፣ ከዚያም መስመሩን አንቆ የያዘውን አንድ ቦታ ለይቶ እርሱን ብቻ ማላላት ነው። ትምህርቱ ከሰዓትና ከእርሳስ በቀር ምንም መሣሪያ ስለማይፈልግ በማንኛውም ክፍል ውስጥ ሊሰጥ ይችላል።

1ኛ/ ማነቆ ማለት ምን ማለት ነው?

ማነቆ የሚለው ቃል «አነቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አንድ ጠርሙስ ሆዱ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ውሃው የሚወርደው አንገቱ በፈቀደለት መጠን ነው። በማሸጊያ መስመርም እንዲሁ ነው። ከማሽኖቹ ሁሉ በእውነተኛ ሥራው የሚያንሰው አንዱ፣ የመላውን መስመር ውጤት ይወስናል።

የሲራራ ነጋዴዎችን ጉዞ እናስብ። ሃያ በቅሎዎች በአንድ ጠባብ ገደል መንገድ ተከታትለው ሲሄዱ፣ ከፊት ያለችው ብትፈጥን ከኋላ ያሉትን ጥላ ትሄዳለች እንጂ ጭነቱ ሁሉ ቶሎ ገበያ አይደርስም። ጭነቱ ሙሉ በሙሉ የሚደርሰው እጅግ ዘገምተኛዋ በቅሎ ስትደርስ ነው። ታዲያ አስተዋይ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ፈጣኖቹን አይገርፍም፤ የዘገምተኛዋን ጭነት ያቀላል።

ከዚህ የሚገኘው መሠረታዊ ሕግ የሚከተለው ነው፦ በማነቆው ላይ የጠፋ አንድ ሰዓት ከመላው መስመር የጠፋ አንድ ሰዓት ነው። ማነቆ ባልሆነ ቦታ የዳነ አንድ ሰዓት ግን ምንም አይጨምርም።

2ኛ/ በወረቀት ላይ ያለ ፍጥነትና እውነተኛ ፍጥነት

እያንዳንዱ ማሽን በሰዓት ስንት እንደሚሠራ በላዩ ላይ ተጽፎበት ይመጣል። የጠርሙስ መስመር የሚነድፉ መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ መሙያውን ሆን ብለው ከሁሉ ዝቅ ያለ ፍጥነት ይሰጡታል። ምክንያቱም መሙያ ማሽን ቶሎ ቶሎ ቆሞ ሲነሣ ጋዝ ያለበት ውሃ አረፋ ይደፍቃል፤ ልኩም ይዛባል። ስለዚህ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ከፊቱም ከኋላውም ያሉት ማሽኖች ከእርሱ ይበልጥ ፈጣን ይደረጋሉ። ይህ በግራፍ ሲነደፍ መሐሉ ጎድጉዶ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ያሉ ሸለቆ ይመስላል።

ነገር ግን የተጻፈው ፍጥነት ማሽኑ ሳይቆም ሲሠራ ያለው ነው። በተግባር ማሽን ይቆማል። ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን መስመር እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለትምህርት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው።

ሀ/ ጠርሙስ ከሣጥን ማውጫ፦ የተጻፈ ፍጥነት በሰዓት 13,000፤ በራሱ ምክንያት በሰዓት 6 ደቂቃ ይቆማል፤ እውነተኛው 11,700።
ለ/ ማጠቢያ፦ 11,500፤ 3 ደቂቃ ይቆማል፤ እውነተኛው 10,925።
ሐ/ መሙያና ቆርኪ መግጠሚያ፦ 10,000፤ 6 ደቂቃ ይቆማል፤ እውነተኛው 9,000።
መ/ መለያ ለጣፊ፦ 11,500፤ 24 ደቂቃ ይቆማል፤ እውነተኛው 6,900።
ሠ/ ሣጥን መሙያ፦ 13,000፤ 6 ደቂቃ ይቆማል፤ እውነተኛው 11,700።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ60 ደቂቃ ላይ የቆመበትን ቀንሶ፣ የቀረውን ለ60 አካፍሎ፣ በተጻፈው ፍጥነት ማባዛት ነው። ለጣፊውን ብንወስድ 60 ሲቀነስ 24 እኩል ይሆናል 36፤ 36 ለ60 ሲካፈል 0.6፤ ይህ በ11,500 ሲባዛ 6,900 ይሆናል።

አሁን ልብ በሉ! በወረቀት ላይ ከሁሉ የሚያንሰው መሙያው ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው፣ «መሙያው አነሰን፤ ትልቅ እንግዛ» ይላል። ነገር ግን በሰዓት 20,000 የሚሞላ ማሽን ቢገዛ እንኳ ከመስመሩ ጫፍ የሚወጣው ያው 6,900 ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህ ነው። እውነተኛው ማነቆ በተጻፈው ፍጥነት ከመሙያው የሚበልጠው፣ ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየቆመ ሰዓቱን የሚጨርሰው ለጣፊ ነው።

3ኛ/ ማነቆው እንዴት ይገኛል?

ሦስት ዘዴዎች አሉ። በቅደም ተከተል ቢሠራባቸው ይመረጣል።

የመጀመሪያው በእግር እየሄዱ ማየት ነው። ከማነቆው በፊት ያለው ማሽን ይታፈናል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ይራባል። ታፈነ ማለት የሠራውን የሚያወርድበት ቦታ አጥቶ ቆመ ማለት ነው። ተራበ ማለት ደግሞ የሚሠራው መጥቶለት ሳያገኝ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥታችሁ ወደ መጨረሻው ስትሄዱ፣ ሰንሰለቱ በጠርሙስ ተጨናንቆ ከነበረበት ወደ ባዶነት የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ። በሁለቱ መካከል ያለው ማሽን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። «ተጠርጣሪ» ያልነው በምክንያት ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ቆሞ የነበረ ማሽን ትቶት የሄደው ክምር ዓይንን ሊያታልል ይችላል። አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዘዴ መመዝገብ ነው። ማሽኑ የቆመበትን ሰዓት፣ የተነሣበትን ሰዓትና ምክንያቱን በወረቀት መያዝ ነው። ምክንያቱ በሦስት ዓምድ ይከፈል፤ «በራሱ»፣ «ታፍኖ»፣ «ተርቦ» ተብሎ። ይህ አከፋፈል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ፍትሕ የሚገኘው ግን እዚህ ላይ ነው። በምሳሌያችን ያለው መሙያ በሰዓት 6,900 ብቻ እንዲሠራ ስለሚገደድ፣ 19 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይታያል። ከዚህ ውስጥ በራሱ ምክንያት የቆመው 6 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው 13 ደቂቃ ያህል ታፍኖ ነው። ዓምዶቹ ካልተለዩ አለቃው አልፎ ሲሄድ የሚያየው የቆመ መሙያና እጁን አጣጥፎ የቆመ ሠራተኛ ነው። «ሰነፍ» የሚለው ስም የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው። ሠራተኛው ግን የሚሠራበት ቦታ አጥቶ ነው የቆመው።

ሦስተኛው ዘዴ መቁጠር ነው። በየማሽኑ መውጫ ላይ በየ10 ደቂቃው ስንት ጠርሙስ እንዳለፈ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ከተስማማ መደምደሚያው አስተማማኝ ነው። ካልተስማማ ግን ያልተመዘገበ ነገር አለ ማለት ነው። ለምሳሌ ማሽኑ ሳይቆም ፍጥነቱ ዝቅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የተበላሹ ጠርሙሶች ከመሐል እየተነሡ ይሆናል።

4ኛ/ ከተገኘ በኋላስ?

እስራኤላዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤሊያሁ ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 «ግቡ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ በሰጠው መጽሐፉ ይህንን አስተሳሰብ በልብ ወለድ መልክ አቅርቦ በዓለም ላይ በሰፊው አሳወቀው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ቅደም ተከተል አምስት ደረጃዎች አሉት፦ ማነቆውን መለየት፤ ያለውን አቅም አሟጦ መጠቀም፤ ሌላውን ሁሉ ለእርሱ ማስገዛት፤ ካልበቃ አቅሙን ማሳደግ፤ ከዚያም ተመልሶ ከአንድ መጀመር። ገንዘብ የሚወጣው በአራተኛው ላይ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት አራተኛውን አንደኛ ሲያደርጉት ነው።

በምሳሌያችን ላይ እንሥራበት። ለጣፊው ሳይቆም ሲሠራ በደቂቃ 192 ጠርሙስ ያህል ያሳልፋል። አንዱ ሣጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል ብንል፣ አንዲት ደቂቃ 8 ሣጥን ናት ማለት ነው። ይህንን ያወቀ ሰው በለጣፊው ላይ ደቂቃ አያባክንም።

አሟጦ መጠቀም፦ ለጣፊው የሚቆመው ለምንድን ነው? የተለመዱት ምክንያቶች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። ሙጫው ይቀዘቅዝና ይወፍራል፤ በተሽከርካሪው ላይ ደርቆ ይጋገራል። ወረቀቱ እርጥበት ባለበት ቦታ ተቀምጦ ይጠቀለላል። ጠርሙሱ ውሃ እየተንጠባጠበ ይደርሳል። ወረቀት ሲያልቅ ደግሞ ተጨማሪው ከመጋዘን እስኪመጣ ይጠበቃል። መፍትሔውም እንዲሁ ቀላል ነው። ወረቀትና ሙጫ አስቀድሞ ከማሽኑ አጠገብ ማዘጋጀት፣ ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪውን ማጽዳት፣ ጠርሙሱን ከመለጠፉ በፊት በአየር ማድረቅ፣ ለምሳ ሲወጣ በተራ እየተተኩ ማሽኑን አለማቆም ነው። ጥገና ከሚችሉት መካከል የተሻለው ሰው ከዚህ ማሽን ርቆ መመደብ የለበትም።

በዚህ ዓይነት መቆሙ በሰዓት ከ12 ጊዜ ወደ 4 ጊዜ ዝቅ ቢል፣ የሚጠፋው 8 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የለጣፊው እውነተኛ ፍጥነት ወደ 9,967 ይደርሳል። መስመሩ ደግሞ የመሙያውን 9,000 ማውጣት ይችላል። በ8 ሰዓት ፈረቃ ስናሰላው፣ ከ55,200 ወደ 72,000 ጠርሙስ ያድጋል። ልዩነቱ 16,800 ጠርሙስ ወይም 700 ሣጥን ነው። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ ማንም ከአቅሙ በላይ አልሮጠም።

ማስገዛት፦ ሌሎቹ ማሽኖች ለማነቆው ሲሉ ይሠራሉ። ማጠቢያው ስለሚችል ብቻ በሙሉ ኃይሉ ጠርሙስ ቢገፋ ክምር ይፈጥራል፤ ጠርሙስ ከጠርሙስ እየተጋጨ ይሰበራል፤ ስብርባሪውን ለማንሣት ደግሞ መስመሩ እንደገና ይቆማል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

እዚህ ላይ የማጠራቀሚያ ጠረጴዛ ጥቅም መታወቅ አለበት። በመሙያውና በለጣፊው መካከል 600 ጠርሙስ የሚይዝ ጠረጴዛ አለ እንበል። መሙያው በአማካይ በደቂቃ 150 ጠርሙስ ይሰጣል። ለጣፊው 2 ደቂቃ ቢቆም 300 ጠርሙስ ይጠራቀማል፤ መሙያው ግን አይታፈንም። ለጣፊው ሲነሣ በደቂቃ 192 ያህል ስለሚወስድ፣ በየደቂቃው 42 ያህል እያቃለለ ክምሩን ከ7 ደቂቃ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሰዋል። በየ15 ደቂቃው አንድ ጊዜ የሚቆም ከሆነ ጊዜው ይበቃዋል። በየ5 ደቂቃው የሚቆም ከሆነ ግን የፊተኛው ክምር ሳያልቅ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ በ3ኛው መቆም ላይ ጠረጴዛው ይሞላል። ስለዚህ ጠረጴዛ አጭር መቆምን ይውጣል እንጂ የተበላሸ ማሽንን አይተካም። ጠረጴዛው ጨርሶ ከሌለም የአንዱ መቆም ወዲያው የሁሉም መቆም ስለሚሆን፣ ውጤቱ ከላይ ካሰላነውም ያነሰ ይሆናል።

5ኛ/ ማነቆ ይዛወራል

ለጣፊው ከተስተካከለ በኋላ ማነቆው መሙያው ሆነ። ይህ ውድቀት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። የታሪክ መምህራን ይህንን ከእንግሊዝ የጨርቅ ሥራ ጋር አያይዘው ሊያስተምሩት ይችላሉ። ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በራሪ መወርወሪያን ሲፈጥር ሸማኔው ፈጠነ፤ ፈታዮች ክር ማድረስ አቃታቸው። በ1760ዎቹ የጄምስ ሃርግሪቭስ ባለ ብዙ እንዝርት መፍተያ ሲመጣ ክሩ እየበዛ ሄደ፤ ችግሩ ወደ ሸማኔው ተመለሰ። ኤድመንድ ካርትራይት እ.ኤ.አ. በ1785 ለመካኒካል ሽመና ማሽኑ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በዚህ ጊዜ ነው። አንዱ ሲላላ ሌላው ይጠብቃል።

ማነቆ በምርቱ ዓይነትም ይለወጣል። ትልቁ ጠርሙስ ሲሠራ መሙያው፣ ትንሹ ሲሠራ ለጣፊው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የባለፈው ዓመት መዝገብ የዛሬውን ማነቆ አይናገርም።

6ኛ/ ሊዘነጉ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛው የሰው ደኅንነት ነው። በመስመሩ ላይ ጠርሙስ ሲወሸቅ፣ «አንዲት ደቂቃ 8 ሣጥን ናት» ብሎ ማሽኑ እየዞረ እጅ መስደድ ፈጽሞ አይገባም። ማሽኑ ይቆማል፤ ኃይሉ ይጠፋል፤ ማንም እንዳያስነሣው ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ይጸዳል። ጋዝ ያለበት ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል የዓይን መከለያና ጓንት የግድ ነው። ጣት ከቆርኪ ጋር በሚዛን አይቀመጥም።

ሁለተኛው የጠጪው ጤና ነው። ጠርሙስ የሚታጠበው በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ተነክሮ፣ በኋላም በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ነው። ማጠቢያው ማነቆ ሆኖ ቢገኝ የመንከሪያውን ወይም የማለቅለቂያውን ጊዜ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም። መርማሪውም እንዲሁ የተሰነጠቀና ያደፈ ጠርሙስ ስለለቀመ «ጎታች» አይባልም። የተበላሸ ጠርሙስ ከማነቆው በፊት መለቀሙ እንዲያውም ይጠቅማል፤ የማነቆው ውድ ደቂቃ ለሚጣል ዕቃ አይውልምና።

7ኛ/ በክፍል ውስጥ እንዴት ይሰጥ?

ይህ ትምህርት በቃል ብቻ ከተሰጠ ይረሳል። ስለዚህ የሚከተለውን ሙከራ አሠሩ። የሚያስፈልገው ባቄላ፣ አሮጌ ወረቀት፣ ክርና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። አምስት ተማሪዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ይሰለፉ። የመጀመሪያው አሥር አሥር ባቄላ ይቁጠር፤ ሁለተኛው በወረቀት ይጠቅልል፤ ሦስተኛው በክር ይሰር፤ አራተኛው ቀንና ተራ ቁጥር ይጻፍበት፤ አምስተኛው አምስት አምስቱን በሣጥን ያስገባ። ሌሎቹ ተማሪዎች መዝጋቢዎች ናቸው።

በመጀመሪያው ዙር ለ5 ደቂቃ እንደ ልማዳቸው ይሥሩ፤ ያለቀው ጥቅልና በየመካከሉ የተከማቸው ይቆጠር። በሁለተኛው ዙር መምህሩ የመጀመሪያውን ተማሪ፣ «ፍጠን! ፍጠን!» ይበለው። የባቄላው ክምር ይጨምራል፤ ያለቀው ጥቅል ግን እዚያው አካባቢ ይቀራል። በሦስተኛው ዙር ክር አሳሪው ይረዳ፤ ለምሳሌ ክሩ አስቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቀው። ውጤቱ ይጨምራል። ማነቆው ሌላ ተማሪ ሆኖ ከተገኘም እርሱን እርዱት፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢያገኙት ይበልጥ ይሻላል።

ከሙከራው በኋላ መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄ፣ «ክር አሳሪው ሰነፍ ነበርን?» የሚለው ነው። ተማሪዎቹ አለመሆኑን በዓይናቸው አይተዋል። ሥራው ነው ከሌሎቹ የረዘመው እንጂ ልጁ አልሰነፈም። ከዚህ ክፍል ወጥቶ ነገ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ የሚሆን አንድ ተማሪ ይህችን ብቻ ይዞ ቢወጣ ትምህርቱ ዋጋውን ከፍሏል።

8ኛ/ መልመጃ

አንድ የመኮሮኒ ማሸጊያ መስመር ሦስት ማሽኖች አሉት። መዛኙ በደቂቃ 60 ከረጢት ይሠራል፤ በሰዓት 5 ደቂቃ ይቆማል። አሻጊው በደቂቃ 50 ይሠራል፤ በሰዓት 3 ደቂቃ ይቆማል። ካርቶን ከታቹ በደቂቃ 55 ይሠራል፤ በሰዓት 15 ደቂቃ ይቆማል። መቆሙ ሁሉ በራሳቸው ምክንያት ነው፤ በየመካከሉም በቂ ማጠራቀሚያ አለ።

ሀ/ ማነቆው የትኛው ነው? መስመሩ በሰዓት ስንት ከረጢት ያወጣል?
ለ/ የካርቶን ከታቹ መቆም ወደ 6 ደቂቃ ቢወርድ አዲሱ ማነቆ የትኛው ይሆናል? በሰዓት ስንት ከረጢት ይጨመራል?
ሐ/ በ«ሀ» ላይ አሻጊው ለምን ያህል ጊዜ ታፍኖ ይቆማል? ይህንን ለአለቃው እንዴት ታስረዱታላችሁ?

ራሳችሁን ለማረም፦ ሀ/ ካርቶን ከታቹ፤ 2,475። ለ/ አሻጊው፤ 375። ሐ/ 7 ደቂቃ ተኩል። ለአለቃው የሚሰጠው ማስረጃ ግን በእያንዳንዳችሁ አንደበት ይሁን። ቁጥሩን ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ይዞ ያለ ጥፋቱ ለሚወቀስ ሰው መቆም ሌላው ግማሽ ነውና።